ለፓርኩ ወንበር የተሰፋ ትራስ

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ አባቷ በሳሎኑ ወለል ላይ ተንበርክከው ለሌለ ወንበር ትራስ ይሰፉ ነበር። ትራሱ ርዝመቱ ሁለት ሜትር ከአሥር ነው። ከሶፋው እግር ተነስቶ፣ በቴሌቪዥኑ ሥር አልፎ፣ በሩ ላይ ያልቃል፤ ስለዚህ ልጃቸው መታጠቢያ ቤት ለመግባት እንደ ቦይ መዝለል፣ ስትወጣም እንደገና መዝለል ነበረባት። ላዩ አረንጓዴ ሸራ፣ ገበሩ ነጭ አቡጄዲ ነው። ወንበሩ ደግሞ ገና ባልተሠራ ሰፈር፣ ገና ባልተሠራ ቤታቸው መስኮት ፊት ለፊት፣ ገና ባልተተከለ ዛፍ ሥር የሚቀመጥ የፓርክ አግዳሚ ነው። ሰፈሩ ይሠራል፤ ቤቱም እግዜር ካለ ይሠራል። ዛፉና አግዳሚው ግን መቼም አይኖሩም፤ ይህንንም ልጅቷ ከስምንት ወር በፊት ጀምሮ ታውቀዋለች።

ትራሱን ሁለት ሜትር ከአሥር ያደረጉት እንዲሁ በግምት አይደለም። ልጃቸው የምትሠራው አንድ ሪል እስቴት ድርጅት ውስጥ ነው፤ ሥራዋም ያልተሠሩ ሕንጻዎችን አሳንሶ መሥራት ነው። ከካርቶንና ከፎም ብሎኮቹን ትቆርጣለች፣ ከሽቦና ከስፖንጅ ዛፍ ትተክላለች፣ አረንጓዴ ቀለም የተነከረ ሰጋቱራ ነስንሳ በአንድ ከሰዓት መስክ ታበቅላለች። ገዢው መጥቶ ሞዴሉ ላይ ጎንበስ ሲል የራሱን መስኮት ያገኛታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የሽያጭ ሠራተኛዋ ሥራ ነው። አባቷ ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ እሑድ ወደ ማሳያ ክፍሉ ብቅ ብለው፣ አርባ ዓመት አንገታቸው ላይ የኖረውን ሜትር አወጡና በሞዴሉ ፓርክ ውስጥ ያለችውን አግዳሚ ለኩ። ሁለት ሴንቲ ከአንድ ሚሊ ወጣች። ስንት እጥፍ እንዳሳነሰችው ጠየቋት፤ መቶ አለቻቸው። ከዚያ ስልኳ ጠርቶ ወጣ አለች፤ ስትመለስ ሜትሩን እየጠቀለሉ ነበር። በማግስቱ ሸራውን ገዝተው ገቡ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ግን ትራሱ አላለቀም። ሙሉ ሱፍ በአራት ቀን ያወጡ የነበሩ ሰው፣ ይህን ቀጥ ያለ ነገር በኋላ በሚመዘዝ ረዥም ነጭ ክር በእጃቸው ቀምቅመው ተዉት። በየጠዋቱ ያነጥፉታል፣ ያዩታል፣ እዚህም እዚያም መርፌ ያስነኩታል፣ መልሰው ይጠቀልሉታል። የስፌት መኪናዋ ሽፋኗን ለብሳ ጥግ ይዛለች። ለቤቱ ቅድመ ክፍያ ብለው ሱቁን ከነመኪናዎቹ ሲሸጡ ያስቀሯት እሷን ብቻ ነው።

«አባባ፣ በመኪና ለምን አይመቱትም?» አለቻቸው ቦዩን እየተሻገረች።

«ገና አልቆረጠልኝም» አሉ ቀና ሳይሉ። «ሻይሽ ይቀዘቅዛል።»

ተቀመጠችና ሻይዋን ጠጣች። እናቷ ካረፉ ወዲህ በዚህ ቤት ጠዋት ጠዋት የሚወራው ስለ ሻይ፣ ስለ ውሃ መጥፋትና ስለ አባቷ ጉልበት ነው። ልጅቷ በየጠዋቱ ልትነግራቸው አፏን ትከፍታለች፤ በየጠዋቱ ዳቦ ትጎርስበታለች። ዛሬ ደግሞ የመጨረሻው ጠዋት ነበር፤ አራት ሰዓት ላይ ገዢዎቹ ሁሉ ተጠርተዋል፣ አባቷም ከተጠሩት አንዱ ናቸው። አፏን ከፈተች። ዳቦው ትኩስ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራ አስኪያጁን የቢሮው ሰው ከኋላው አቶ ይቻላል ይለዋል፤ ምንም ቢጠየቅ መልሱ ያው አንድ ነውና። ሳሎኔ ሊሰፋ ይችላል? ይቻላል። ስድስተኛ ፎቅ ላይ ጓሮ አገኛለሁ? ይቻላል። ይህ ሰው ከስምንት ወር በፊት ፕላኑን ዘርግቶላት፣ በስድስቱ ብሎኮች መሃል ያለውን ፓርክ የሚነሳ አድርገሽ ሥሪው አላት። ለምን ብላ አልጠየቀችም፤ የገባው ሰው አይጠይቅም። ማዘጋጃ ቤት አረንጓዴ ቦታ የሌለው ፕላን አያጸድቅም፤ ገዢም ዛፍ ካላየ እጁን ወደ ኪሱ አይሰድም። ሁለቱም እሺ ካሉ በኋላ ግን ያ ሁሉ መሬት ሣር ብቻ ሲያበቅል ማሰብ አቶ ይቻላልን እንቅልፍ ይነሳዋል። ደንቡ ደግሞ አንድ ቀዳዳ አለው፤ ገዢዎቹ ራሳቸው ፓርኩን አንፈልግም ብለው ከፈረሙ ቦታው ለሌላ ይውላል። እንግዲህ ፓርኩ መጀመሪያ ይሸጣል፣ ቀጥሎ ይነሳል፣ በቦታውም ብሎክ ሰባት ይቀመጣል።

ልጅቷም እንደታዘዘችው ሠራችው። ስትጨርስ ገለበጠችውና ከሥሩ በእርሳስ ጻፈችበት፤ ይህ የልጅነት ልማዷ ነው። አባቷ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ሲቆርጡ በእያንዳንዱ ቁራጭ ጀርባ በጠመኔ የማን እንደሆነ፣ ቀኝ ይሁን ግራ፣ ምን እንደሚቀረው ይጽፉ ነበር። ላዩ ለደንበኛ ነው፣ ጀርባው ለኛ ነው ይሏት ነበር። እሳቸው እንደሆኑ እስከ ዛሬ ጀርባውን ሳያዩ የሚያምኑት ነገር የለም፤ አንድ ሠርግ ላይ የሙሽራውን ኮት ጫፍ ገልብጠው ገበሩን ሲመረምሩ ቤተ ዘመድ ሁሉ አይቷቸዋል። ልጅቷም ከእሳቸው የቀዳችው ይህንኑ ነው። ሞዴል ተነቃቅሎ ተጭኖ እንደገና ይገጣጠማል፤ ቁራጩ ሁሉ ጀርባው ላይ ማንነቱ ካልተጻፈበት መከራ ነው። በፓርኩ ሥር የጻፈችው ይህን ነበር፦ «ጊዜያዊ። ሽያጭ እስኪያልቅ። ቦታው የብሎክ 7።» ቀኑንም አስፍራለች።

ከዚያ ስድስት ሳምንት ቆይቶ አባቷ የልጃቸውን ሥራ ሊያዩ መጡ። አርባ ዓመት የሰፉበት ሱቅ መስኮት አልነበረውም፤ በሩም የሚያየው የጎረቤት መጋዘን ግድግዳ ነው። ሞዴሉ ላይ ጎንበስ ሲሉ በብሎክ አራት ምድር ቤት አንዲት መስኮት አገኙ፣ ከመስኮቷ ፊት ደግሞ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር አግዳሚ። ጉልበቴ ደረጃ አይችልም፣ ይህን ግን ይችላል አሉ። የሽያጭ ሠራተኛዋ የመጠቆሚያ ቀይ መብራቷን መስኮቷ ላይ ጣል አድርጋ ይህቺ አንድ ብቻ ቀርታለች አለቻቸው። ልጃቸው ሙጫ ይዛ አጠገባቸው ቆማ ነበር፤ ዝም አለች። መጀመሪያ የከለከላት ደሞዟ ነው። ቀጥሎ አቶ ይቻላል ይረሳው ይሆናል የሚል ተስፋ መጣ፤ ቃል መርሳት ያውቅበታልና። ሱቁ ከተሸጠ በኋላ ደግሞ ሐፍረቱ ከልክ አለፈና፣ ዛሬ ነገ ስትል ዛሬ ላይ ደረሰች። እንግዲህ ፈሪ ነበረች፤ ሌላ ስም የለውም።

ዛሬም ቢሮ እንደገባች እንደ ወትሮው በፓርኩ ዙሪያ ያለችውን የፀጉር ያህል ክፍተት በአረንጓዴ ሰጋቱራ ሸፈነች። ብሎክ ሰባት በካርቶን ተጠቅልሎ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጧል። አቶ ይቻላል መጥቶ አየውና፣ ፊርማው እንዳለቀ ሰው እያጨበጨበ ሳለ ቶሎ አንስተሽ ቶሎ ትተኪያለሽ አላት። ካላጨበጨቡስ አለችው። ይቻላል አላት።

አራት ሰዓት ላይ አርባ የሚያህሉ ሰዎች ማሳያ ክፍሉ ውስጥ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተደርድረው እርስ በርስ ብሎክ ይጠያየቁ ጀመር። የአንድ ብሎክ ሰዎች እንደ ዘመድ ተሳሳሙ፤ ብሎክ አንድና ብሎክ ስድስት ከወዲሁ ተኳረፉ። አባቷ ሱፋቸውን ለብሰው፣ መነጽራቸውን ደረት ኪሳቸው ውስጥ ሰክተው ፊት ተቀመጡ፤ ለእሷ አንገታቸውን ነቀነቁላት። አቶ ይቻላል ተነስቶ ፓርክ ማለት ጥገና ነው፣ ውሃ ነው፣ ጥበቃ ነው፣ በየወሩ ከኪሳችሁ የሚወጣ ነው አለ። በቦታው አንድ ብሎክ ቢጨመር ግን ወጪው ይቀልላል፤ አረንጓዴ ለወደደም በየጣሪያው ላይ አንደኛ ደረጃ ሰው ሠራሽ ሣር ይነጠፍለታል። ሐሳቡ ከዚህ ወር በፊት በማንም አእምሮ ውስጥ እንዳልነበረ፣ ባለሙያዎች ትናንትና እንዳቀረቡት፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተናገረ። ለፈረመ ሁሉ ከመጨረሻው ክፍያ ቅናሽ አለ ሲል፣ እስክሪብቶ ሲፈለግ የወንበሩ ድምፅ ቤቱን ሞላው።

ክርክር አልጠፋም። አንድ ባለ መኪና ዛፍ ማለት ለወፍ ሽንት ቤት መሥራት ነው፣ እኔ መኪናዬን የማቆምበት ይብቃኝ አለ። አንዲት ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ የታቀፉ ወይዘሮ ዛፍ ካለ ትንኝ አለ፣ አግዳሚ ካለ ደግሞ ጎረምሳ አለ ብለው ፈረሙ። ከኋላ የተቀመጠች ነርስ፣ የሥራ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር የመጣች፣ እጇን አወጣች። ልጆቿ አሁን ባሉበት ሕንጻ ኳስ የሚጫወቱት ደረጃ ላይ እንደሆነ፣ ጎል የሚቆጠረውም ጎረቤት በሩን ሲከፍት እንደሆነ ተናገረች። ከጣሪያ ላይ ኳስ ቢወድቅስ ማነው ሰባት ፎቅ ወርዶ የሚያመጣው ብላ ጠየቀች። ይቻላል ተባለች። ሰው ሳቀ፣ መፈረሙን ግን አልተወም። ወረቀቱ ከግማሽ በላይ ሞልቶ አባቷ እጅ ገባ።

ልጅቷ ጠረጴዛው ጥግ ቆማ እስክሪብቶውን ስትመለከት ነበር። ቢፈርሙ በገዛ እጃቸው መስኮታቸውን ይደፍናሉ፤ ከመስኮቱ ፊት አራት ሜትር ርቆ የሰው ወጥ ቤት ይቆማል፣ ሁለት ሜትር ከአሥሩ ትራስም የቤት እቃ ሆኖ ይቀራል። አባቷ አልፈረሙም። እስክሪብቶውን ጆሮአቸው ላይ ሰኩና ሳልፈርም አንዴ ልየው ብለው ወደ ሞዴሉ መጡ። እንደ ሥራ ጊዜያቸው ሁሉ ጣታቸውን በፓርኩ ዳር ዳር አስኬዱት።

«ይሄ ነገር ዙሪያውን ስፌት አለው» አሉ።

አቶ ይቻላል «አባት፣ አይነካም» ሲል፣ ጥፍራቸውን ከሥሩ አስገብተው ፓርኩን ከነዛፎቹ ብድግ አደረጉት። ዛፎቹ ተንቀጠቀጡ፣ አግዳሚዋ ወደቀች። ገለበጡት። ለረዥም ጊዜ አዩት። ነርሷ ከኋላ ቆማ ምን ይላል አባባ አለች።

«መነጽሬን ቤት ረስቼ ነው የመጣሁት» አሉ፣ መነጽሩ ከደረት ኪሳቸው አንገቱን ብቅ አድርጎ እየታየ። «ልጄ ታንብብላችሁ።»

ፓርኩን እጇ ላይ አስቀመጡላትና ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። አቶ ይቻላል ፈገግ ብሎ የጽዳት መመሪያ ነው፣ ተራ ነገር ነው አለ፤ እሷንም በዓይኑ ጠቀሳት። መውጫው ተከፍቶላታል። የጽዳት መመሪያ ነው ብትል ማንም አያጣራም፣ ወሩም ሲያልቅ ደሞዟ ይገባል። ቀና ስትል ያየችው አባቷን ነበር። እሳቸው ግን እሷን አያዩም፤ ሱሪያቸው ላይ የወደቀ ክር ፈልገው እያነሱ ነው፣ ክር በሌለበት።

«ጊዜያዊ» ብላ አነበበች። ድምጿ እንደ ተማሪ ሆነባት። «ሽያጭ እስኪያልቅ። ቦታው የብሎክ ሰባት።» ከዚያ ቀኑን አነበበች፤ ቀኑ ከስምንት ወር በፊት ነው። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት ጎንበስ ብላ ካርቶኑን ከጠረጴዛው ሥር ሳበችና ብሎክ ሰባትን በባዶው ቦታ ላይ አቆመችው። ልክ ገባ። ጎበዝ ሠራተኛ ነበረች።

መጀመሪያ የተነሳው ባለ መኪናው ነው። እስቲ የኔን ብሎ የመኪና ማቆሚያውን ፈነቀለው፤ ከሥሩ «ማቆሚያ፦ 12 መኪና። ቤቱ 144» ይላል። ከዚያ በኋላ ማንንም ማስቆም አልተቻለም። የብሎክ ሁለት ሰዎች ሕንጻቸውን እንደ ጫማ ገልብጠው «ሊፍት፦ በሩ ብቻ» የሚል አገኙ። መዋኛው «ሰማያዊ ቀለም። ውሃ አልተባልኩም» ይላል። ዳር ላይ ያለው ትምህርት ቤት «የኛ አይደለም። ያለውም ሌላ ሰፈር ነው» ይላል። ወይዘሮዋ የጥበቃ ቤቷን አንስተው ገለበጡና «እውነት» የሚል አነበቡ፤ ከሞዴሉ ሁሉ እንዲህ የተጻፈባት እሷ ብቻ ነበረች። ሰው ሁሉ ሰፈሩን ገልብጦ ያነባል፤ ብሎክ አንድና ብሎክ ስድስትም በዚያው ታረቁ። አቶ ይቻላል «ይቻላል፣ ይቻላል፣ ሁሉም ይስተካከላል» ይል ነበር፤ የሰማው የለም። ወይዘሮዋ የፊርማውን ወረቀት አራት ቦታ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ትንኙን እኔ እችለዋለሁ አሉ።

በሰባት ሰዓት ግድም ሦስት ነገር ተወስኗል። ቅናሹን ማንም አይነካም። የፓርኩ ስፋትና ድንበር በየውሉ ላይ ይጻፋል። ይህ ካልሆነ ሰኞ ጠዋት ሁሉም ማዘጋጃ ቤት በር ላይ ይገናኛል። ማስረጃ እንዲሆን ነርሷ ፓርኩን በፌስታል ጠቅልላ ወሰደችው። አቶ ይቻላል ልጅቷን የክፍሉን ቁልፍ አስቀምጪ፣ ነገ እንዳትመጪ አላት። ቀጥሎ ግን እውነትም ሊገባው ያልቻለ ነገር ነበር፤ ማን ነው ይህን ሁሉ ጉድ ከሥር ከሥር ጻፊ ብሎ ያስተማረሽ ብሎ ጠየቃት።

አባቷ በር ላይ ባርኔጣቸውን እያደረጉ ነበር። «የሥሩን እኔ ነኝ» አሉ። «የላዩን ግን አላስተማርኳትም።»

አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው የመንገዱን ማስታወቂያ ሁሉ ድምፃቸውን አውጥተው ያነቡ ጀመር፤ የጎማ ጥገና፣ የጥርስ ሕክምና፣ የሚሸጥ ቤት። የሚሸጥ ቤት ላይ ሲደርሱ ማንበባቸውን ተዉ። እሷ ይቅርታ ልትል ብዙ ጊዜ ሞከረች፤ ቃሉ ከስምንት ወር ጋር ሲመዘን ትንሽ ሆነባትና አልወጣም። መነጽሩ ተገኘ እንዴ ብቻ አለች። ኪሴ ውስጥ ነበር አሉ። አውቃለሁ አለች።

ቤት ሲገቡ አባቷ ኮታቸውን ሰቀሉና ትራሱን እንድታነጥፈው ነገሯት፤ እሳቸው ወደ ጥጉ ሄደው የመኪናዋን ሽፋን ማውለቅ ጀመሩ። ትራሱን ከሶፋው እስከ በሩ ዘረጋችው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሺህ ጊዜ ዘላዋለች፤ አንድም ቀን ግን ገልብጣ አላየችውም፣ የልብስ ሰፊ ልጅ ሆና። ገለበጠችው። በነጩ ገበር ላይ በሰማያዊ ጠመኔ የአባቷ ጽሑፍ ነበር፦ «ጊዜያዊ። ልጄ እስክትናገር።» ከሥሩ ቀን አለው። አግዳሚዋን የለኩባት፣ እሷ ስልክ ልታነሳ የወጣችበት ያ እሑድ ነው።

ያን ጊዜ አለቀሰች። ድምፅ አልነበረውም፤ አባቷም መኪናዋን ዘይት ሲያጠጡ ቆዩና ፊታቸውን አላዞሩም።

«አነበብሽው?» አሉ በመጨረሻ።

«አነበብኩት።»

«እንግዲያው ክሩን ምዘዢውና አምጪው። በመኪና ልምታው።»

ረዥሙ ነጭ ክር በአንድ ስባት ወጣ። ትራሱን አቅፋ አመጣችላቸው፤ እሳቸው ጫፉን መርፌዋ ሥር አስገብተው እግራቸውን መርገጫው ላይ ሲያሳርፉ፣ አንዴ መናገር ከጀመረች አይቀር ብላ ሌላ አንድ ነገር አለ አለቻቸው። አባቷ እጃቸውን ከጨርቁ ሳያነሱ ፊታቸው ልውጥ አለ።

«ያቺ አግዳሚ ልክ የላትም» አለች። «የተሰበረ ማበጠሪያ ቁራጭ ናት። በዓይኔ ገምቼ ነው የቆረጥኳት። ፕላኑ ላይ እንዲህ የሚረዝም ወንበር የለም፣ አባባ።»

አባቷ ከሶፋው እስከ በሩ ያለውን አረንጓዴ ሸራ በዓይናቸው ለኩት።

«ሰኞ ማዘጋጃ ቤት ስንሄድ እንነግራቸዋለን» አሉ። «ወንበሩን በትራሱ ልክ ይሥሩት።» ከዚያ መርገጫውን ረገጡት።